የደረት ጉዳት ሲደርስ፦ ራጅ፣ አልትራሳውንድ እና ሲቲ ስካን የሚያዩትና የሚስቱት

ደረቱ ላይ ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚገባው ብዙውን ጊዜ በጀርባው ተንጋሎ፣ አንገቱ ተደግፎ ነው። አከርካሪው ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ማንም «ቀና ብለህ ተቀመጥ» አይለውም። ይህ ተራ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ስለ ደረት ምስል የሚባለው አብዛኛው ነገር ከዚህ ይጀምራል። ደረት ውስጥ የፈሰሰ ደም ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለተንጋለለ ሰው «ታች» ማለት ጀርባው ነው። ከሳንባ ያመለጠ አየር ደግሞ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ፣ ማለትም ወደ ፊት ደረቱ ይወጣል። ሦስቱ መሣሪያዎች ይህንን ደምና አየር የሚመለከቱት ከተለያየ አቅጣጫ ነው። አንዱ የሳተውን ሌላው የሚያገኘው በአብዛኛው በዚህ የተነሳ ነው።

ምስል ጨርሶ የማይጠበቅበት ሁኔታም አለ። አየር ከሳንባ ወደ ደረት ክፍተት እየገባ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ ሳንባውን ያጨማድደዋል፤ ወደ ልብ የሚመለሰውንም ደም ያግዳል። ቴንሽን ኒሞቶራክስ ይባላል። በሽተኛው አየር ያጥረዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ በአንድ ጎን የትንፋሽ ድምፁ ይጠፋል፣ አንዳንዴም የአንገቱ ደም ሥር ይወጠራል። የደም ግፊቱ የወረደ ሰው ላይ ይህ ከታየ ራጅ ክፍል መላክ ገዳይ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው 10ኛው የኤቲኤልኤስ (የከባድ ጉዳት ሕክምና ሥልጠና) መመሪያ አየሩን የሚያስወጣው መርፌ ለአዋቂ በ4ኛው ወይም በ5ኛው የጎድን አጥንት ክፍተት፣ ከብብት መሐል ትንሽ ወደ ፊት ብሎ እንዲገባ ያዛል፤ ለሕፃናት ግን የድሮው ቦታ፣ ማለትም ከደረት ፊት ለፊት ያለው 2ኛው ክፍተት እንዳለ ቀርቷል። ከመርፌው በኋላ የደረት ቱቦ ይከተላል። አልትራሳውንዱ አልጋው አጠገብ በርቶ የሚጠብቅ ከሆነ ጥቂት ሰከንድ ማየት አይከፋም፤ ማሽን ፍለጋ መሮጥ ግን አይገባም።

ራጅ

ሰው ቆሞ የሚነሳው የደረት ራጅና ተኝቶ የሚነሳው አንድ ምርመራ አይደሉም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሲቆም ደረቱን ምስሉን ከሚቀበለው ሰሌዳ ጋር አጣብቆ ጀርባውን ለጨረሩ ይሰጣል፤ የጨረሩ ምንጭም ወደ 180 ሴንቲሜትር ይርቃል። ሲተኛ ሰሌዳው ከጀርባው ሥር ይገባል፣ ምንጩ ደግሞ ከላይ 100 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ይሆናል። ልብ ከሰሌዳው ስለራቀና ምንጩ ስለቀረበ ጥላው ይሰፋል፤ ጤነኛ ልብ ያበጠ ይመስላል፣ በሁለቱ ሳንባዎች መካከል ያለው ሚዲያስቲነምም የሰፋ ይመስላል።

ደሙስ? ጠፍጣፋ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ቀይ ውኃ ጨምራችሁ አቁሙትና ከጎን እዩት፤ የውኃው ጠርዝ መስመር ሠርቶ ይታያል። አሁን አስተኙትና ከላይ ተመልከቱት። መስመሩ ጠፍቶ ጠርሙሱ ሁሉ በትንሹ የጠቆረ ብቻ ይመስላል። በቆመ ሰው ላይ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ደም ከድያፍራም (ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ) ጎን ያለውን ሹል ማዕዘን ሞልቶ ያደነዝዘውና ይታያል። በተኛ ሰው ላይ ግን ያው ደም ጀርባ ላይ ስስ ሆኖ ይነጠፋል፤ ጨረሩም ከፊት ወደ ኋላ ሰንጥቆት ያልፋል። የሚታየው አንዱ ጎን ከሌላው ትንሽ ነጣ ብሎ ጉም የለበሰ መምሰሉ ብቻ ነው። በዚህ ሁኔታ እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ደም ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በተኛ ሰው ራጅ ላይ ግራና ቀኙን ማነጻጸር ማዕዘን ከመፈለግ ይበልጥ ይጠቅማል።

አየርም እንዲሁ ያታልላል። የቆመ ሰው አየሩ ወደ ሳንባው ጫፍ ስለሚወጣ የሳንባው ጠርዝ እንደ ቀጭን ክር ይታያል። የተኛ ሰው አየሩ ከፊት ስለሚንሳፈፍ ያ ክር ብዙ ጊዜ አይገኝም። በምትኩ የሚፈለገው የድያፍራም ጎን ማዕዘን ከልክ በላይ ጠልቆና ጠቁሮ መታየቱ፣ ወይም በአንድ ጎን የልብ ጠርዝ ያለወትሮው ጥርት ብሎ መውጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው፣ ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የመዘነው የኮክሬን ግምገማ እንዳስቀመጠው፣ በጉዳት ታካሚዎች ላይ የተኛ ሰው ራጅ ካለው ኒሞቶራክስ (በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል ከገባ አየር) 47 በመቶውን ብቻ ሲያገኝ አልትራሳውንድ 91 በመቶውን ያገኛል። ሁለቱም «አለ» ካሉ እምብዛም አይሳሳቱም፤ ልዩነቱ ያለው «የለም» ሲሉ ነው።

ራጁን የሚያበላሹ ነገሮች በአብዛኛው ቀላል ናቸው፤ ግን ይደጋገማሉ። የምስሉ ታችኛው ክፍል ተቆርጦ ማዕዘኖቹ ከቀሩ ከላይ የተባለው የአየር ምልክት አብሮ ይቀራል። ሰውነቱ ዞር ካለ አንዱ ሳንባ ከሌላው የጠቆረ ይመስላል፤ ይህንን ለማወቅ የሁለቱ ክላቪክል (የአንገት ሥር) አጥንቶች ውስጠኛ ጫፍ ከአከርካሪው መሐል እኩል መራቁን ማየት ነው። ሰሌዳው ከጀርባ ሥር ሲገባ የተጨማደደ ቆዳ የሳንባ ጠርዝ የሚመስል መስመር ይሠራል። ያ መስመር ከደረት ግድግዳ ውጭ የሚቀጥል ከሆነ፣ ወይም ከመስመሩ ወዲያ የሳንባ ደም ሥሮች ከታዩ፣ የቆዳ እጥፋት እንጂ ኒሞቶራክስ አይደለም።

የጎድን አጥንት ስብራትን በተመለከተ ራጅ ግማሽ ያህሉን ይስታል። ብዙ ሰው «ራጁ ንጹሕ ነው ተባልኩ፤ ታዲያ ለምን ስተነፍስ ይወጋኛል?» የሚለው ለዚህ ነው። ስብራቱ ሳይፈናቀል በቦታው ካለ ወይም በጎን በኩል ከሆነ አይታይም። ብቻውን የሆነ አንድ የጎድን ስብራት በራጅ ታየ አልታየ ሕክምናው ያው ነው፤ ማስታገሻ መስጠትና በደንብ እንዲተነፍስ ማበረታታት። ሦስትና ከዚያ በላይ ተከታታይ ጎድኖች እያንዳንዳቸው ሁለት ቦታ ሲሰበሩ ግን ያ የደረት ክፍል ሰውየው አየር ሲስብ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ ከምስሉ ይልቅ በዓይን ይታያል፤ ልብሱን አውልቆ፣ በጎን ዝቅ ብሎ ደረቱን ለሚያይ ሰው።

ራጅ ግን አይናቅም። ሰው ሳይንቀሳቀስ በደቂቃዎች ውስጥ ይነሳል፤ ጨረሩም 0.1 ሚሊሲቨርት ገደማ ቢሆን ነው። ትልልቅ ነገሮችን ያሳያል፦ ብዙ ደም፣ የወደቀ ሳንባ፣ ወደ ደረት የወጣ ጨጓራ። የገባው የመተንፈሻ ቱቦ ጥልቀትና የደረት ቱቦው አቀማመጥም የሚረጋገጠው በእሱ ነው።

አልትራሳውንድ

አልትራሳውንድ የድምፅ ሞገድ ነው፤ አየር ውስጥ አያልፍም። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ለሳንባ አይሆንም ተብሎ ነበር። ሆኖም ጤነኛ ሳንባና የደረት ግድግዳ የሚነካኩበት ቦታ በደንብ ይታያል፤ ለጉዳት የሚያስፈልገውም ያ ብቻ ነው። ሆድን፣ ልብንና ሁለቱን የደረት ጎኖች አንድ ላይ የሚያየው አሠራር ኢፋስት ይባላል፤ የለመደ እጅ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም።

አየር ፍለጋው እንዲህ ነው። ከ7 እስከ 12 ሜጋኸርትዝ የሆነው ቀጥተኛ ፕሮብ (ደረት ላይ የሚያርፈው የማሽኑ እጀታ) ይመረጣል፤ እሱ ከሌለ ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርትዝ ያለው ጠምዛዛውም ጥልቀቱ ተቀንሶ ይሠራል። ፕሮቡ በቁመት፣ ምልክቱ ወደ ራስ ዞሮ፣ ከክላቪክል መሐል በታች በ2ኛው ወይም በ3ኛው ክፍተት ላይ ይቀመጣል፤ የተኛ ሰው ደረት ከፍተኛው ቦታ አካባቢ ስለሆነ አየር ካለ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። በስክሪኑ ላይ ሁለት ጎድኖች ከሥራቸው ጥቁር ጥላ ይዘው ይታያሉ። በመካከላቸው፣ ከጎድኖቹ ወለል ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ጠለቅ ብሎ፣ ደማቅ ነጭ መስመር አለ። ያ መስመር ሳንባውና የደረት ግድግዳው የሚገናኙበት ሽፋን ነው። እጅን ሳያንቀሳቅሱ ሁለት ሦስት ትንፋሽ ማየት ነው። ጤነኛ ከሆነ መስመሩ ላይ ጉንዳን የሚርመሰመስ ይመስላል። አየር በመሐል ከገባ መስመሩ አለ፤ እንቅስቃሴው ግን የለም።

ዓይን ሲጠራጠር ኤም ሞድ የሚባለው፣ የአንድ መስመርን እንቅስቃሴ በጊዜ ዘርግቶ የሚያሳየው አሠራር ይበራል። ጤነኛው ከላይ ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ ከታች ደግሞ አሸዋ የመሰለ መልክ ይሰጣል። አየር ካለ ከላይ እስከ ታች እንደ ባርኮድ የተሰመረ ይሆናል። ፕሮቡን ወደ ጎን ሲያንሸራትቱ በአንድ ቦታ ላይ የሚርመሰመሰውና የቆመው ተራ በተራ ከገቡና ከወጡ፣ የሳንባው ጠርዝ ማለት ያ ነው። ያ ነጥብ ከታየ ኒሞቶራክስ መኖሩ አያጠራጥርም ማለት ይቻላል።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እንቅስቃሴ መኖሩ «ፕሮቡ ባረፈበት ቦታ አየር የለም» ይላል እንጂ ስለ ሌላው ቦታ አይናገርም፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ጎን ቢያንስ ሁለት ሦስት ክፍተት መታየት አለበት። እንቅስቃሴ አለመኖሩም ሁልጊዜ ኒሞቶራክስ ማለት አይደለም። የመተንፈሻ ቱቦው ከልክ በላይ ጠልቆ ወደ ቀኝ ሳንባ ብቻ ከገባ ግራው ስለማይነፋ አይንሸራተትም። በቀድሞ በሽታ የተጣበቀ ሽፋንም አይንሸራተትም። ትንፋሹ የቆመ ሰውም እንዲሁ። በግራ በኩል መስመሩ ከልብ ምት ጋር ትርትር ካለ፣ ወይም ከመስመሩ ተነስተው እስከ ስክሪኑ ግርጌ የሚወርዱ ነጭ ጨረሮች ከታዩ፣ ሳንባው ግድግዳውን ነክቶታል ማለት ነው፤ በዚያ ቦታ ኒሞቶራክስ የለም።

ደም ፍለጋው ጠምዛዛውን ፕሮብ ይጠይቃል። ቦታው ጎን ነው፣ ከጉበቱና ከጣፊያው በላይ። የተለመደው ስህተት ፕሮቡን ወደ ፊት ማስቀመጥ ነው። ደሙ ያለው ከጀርባ ስለሆነ የያዘው እጅ ጀርባ ፍራሹን እስኪነካ ድረስ ፕሮቡ ወደ ኋላ መሄድ አለበት። ጤነኛ ሰው ላይ ከድያፍራም በላይ ያለው አየር የሞላው ሳንባ አከርካሪውን ይጋርደዋል፤ ደም ካለ ግን ደሙ ድምፁን ስለሚያሳልፍ ከድያፍራሙ በላይም አከርካሪው መታየቱን ይቀጥላል። በዚህ መንገድ ከ20 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ያህል እንኳ ሊገኝ ይችላል። ከራጁ አንድ ሊትር ጋር አወዳድሩት።

ልቡ ከፍርምባ ጫፍ ሥር ወደ ግራ ትከሻ በተዘነበለ ፕሮብ ይታያል። በልብና በሚሸፍነው ከረጢት መካከል ጥቁር ቀለበት ካለ ደም ነው፤ የደም ግፊቱ ከወረደ ደግሞ ልቡ ታንቋል ማለት ነው። ሁለት ወጥመድ አለ። ከልብ ፊት ለፊት ብቻ ያለ ግራጫ ሽፋን ብዙ ጊዜ ስብ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈራል፦ በስለት የተወጋ ሰው ከረጢቱ ከተቀደደ ደሙ ወደ ግራ ደረት ይፈስሳል፤ በልብ ዙሪያም ምንም አይታይም። በልብ አካባቢ ቁስል ያለው፣ ግራ ደረቱ ውስጥም ደም ያለው ሰው፣ ልቡ ዙሪያ ንጹሕ ስለሆነ ብቻ ልቡ ደህና ነው አይባልም።

አየር ቆዳ ሥር ከገባና ሲነኩት እንደ በረዶ ከተንኮሻኮሸ አልትራሳውንድ ሥራ ይፈታል፤ ከዚያ በታች ምንም አይታይም። አኦርታ (ከልብ የሚነሳው ዋናው ደም ቧንቧ) የሚቀደድበትን ቦታም፣ የሳንባውን ጥልቅ ክፍልም አያይም። ያለ ሠለጠነ እጅ ደግሞ ማሽኑ ብቻውን ምንም አይደለም።

ሲቲ ስካን

ሲቲ ደረቱን በስስ ቁራጮች ስለሚያይ አየሩ ከፊት፣ ደሙ ከኋላ መሆኑ አያስቸግረውም። ትንሿን አየር፣ ጥቂቱን ደም፣ ያልተፈናቀለውን ስብራት፣ የሳንባውን መቀጥቀጥ ሁሉ ያወጣል። የተቀጠቀጠ ሳንባ በራጅ ላይ እስኪታይ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ስድስት ሰዓት ያህል ሊወስድ ይችላል፤ በሲቲ ወዲያው ይታያል።

ያለ ሲቲ አስተማማኝ መልስ የማይገኝለት ጥያቄ ግን የአኦርታው ነው። በከፍተኛ ፍጥነት የሚጓዝ አካል ድንገት ሲቆም ዋናው ደም ቧንቧ ብዙውን ጊዜ የሚቀደደው ወደ ግራ ክንድ የሚሄደው ቅርንጫፍ ከተለየበት ቦታ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። በራጅ ላይ ሚዲያስቲነሙ ከ8 ሴንቲሜትር በላይ ከሰፋ ጥርጣሬ ይነሳል፤ ሆኖም ከላይ እንዳየነው መተኛቱ ብቻውን ያሰፋዋል፣ ቅዳጅ ያለበት ሰው ራጅም ጤነኛ ሊመስል ይችላል። አደጋው ከባድ ከነበረ በራጁ ንጽሕና መጽናናት አይገባም።

ለዚህ ምርመራ ኮንትራስት፣ ማለትም ደም ሥርን በምስሉ ላይ የሚያጎላ ፈሳሽ፣ የግድ ነው። ከ18 እስከ 20 ጌጅ (የውፍረት መለኪያ) የሆነ ካኑላ፣ ማለትም ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቱቦ፣ ክርን መታጠፊያ ላይ ገብቶ፣ ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ኮንትራስት በሰከንድ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ፍጥነት ይገፋል። እጅ ጀርባ ላይ ያለ ቀጭን ካኑላ ይህንን ግፊት አይችልም፤ ይፈነዳል ወይም ፈሳሹ ቆዳ ሥር ይቀራል። ክንዶቹ ከጎን ከቀሩ በደረቱ ላይ ጭረት ይጥላሉ፤ የሚቻል ከሆነ ወደ ራስ ይነሳሉ። የልብ ምት የሚያንቀጠቅጠው የአኦርታ መነሻ ደግሞ ቅዳጅ የሚመስል ድርብ ጠርዝ ይሠራል፤ ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ከኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምዝገባ) ጋር ተቀናጅቶ ሲነሳ ይጠፋል።

ስካኑ ራሱ ሰከንዶች ቢፈጅ ነው። ጊዜ የሚበላው ማዘዋወሩ፣ ገመዱን ማስተካከሉና ወደ ጠረጴዛው ማሸጋገሩ ነው፤ በዚያ መሐል የደም ግፊቱ የሚወርድ ሰው እርዳታ በሚከብድበት ክፍል ውስጥ ይገኛል። በፈሳሽና በደም ሊረጋጋ ያልቻለ ሰው ቦታው ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው።

ሲቲ ብዙ ማየቱም ራሱን የቻለ ችግር ያመጣል። በራጅ ያልታየ፣ በሲቲ ብቻ የተገኘ ትንሽ ኒሞቶራክስ ሁሉ ቱቦ አይገባለትም፤ ውፍረቱ ከ35 ሚሊሜትር በታች ከሆነና ሰውየው ከተረጋጋ በክትትል ማቆየት ይቻላል። ቱቦ ማስገባት ያለ ጣጣ አይደለም፤ ምስሉን ሳይሆን ሰውየውን ማከም የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል። የደረት ሲቲ ጨረር 7 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው፤ ሰው በዓመት ከተፈጥሮ ከሚያገኘው ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ሕይወቱ አደጋ ላይ ላለ ሰው ይህ ከቁጥር አይገባም፤ ተራ ምት ለደረሰበት ወጣት ግን ይገባል። እርጉዝ ሴት በእርግጥ የሚያስፈልጋት ከሆነ አትከለከልም፤ ማኅፀኑ ከጨረሩ መስመር ውጭ ስለሆነ ለፅንሱ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሪአክት 2 የተባለው ጥናት በ1083 ከባድ ተጎጂዎች ላይ ወዲያው ሙሉ ሰውነትን በሲቲ ማንሳትን በራጅና በአልትራሳውንድ ጀምሮ የሚያስፈልገውን ብቻ በሲቲ ከማየት ጋር አወዳድሯል። በሆስፒታል ውስጥ የሞቱት በሁለቱም ወገን 16 በመቶ ገደማ ሆኑ። ሁሉንም ሰው ወዲያው በሙሉ ሰውነት ሲቲ አለማንሳት ብቻውን ሞትን አላበዛም ብለን እናነበዋለን።

ማን ምን ይፈልጋል?

በስለት ወይም በጥይት ሳይሆን በምት ለተጎዳ ሰው ኔክሰስ ቼስት የሚባል መመዘኛ አለ፤ ከ14 ዓመት በላይ ለሆኑ ነው። ሰባት ነገር ይጠይቃል፦ ዕድሜ ከ60 በላይ መሆን፣ ፍጥነት ድንገት የተገታበት አደጋ፣ ለምሳሌ ከ6 ሜትር በላይ ከፍታ መውደቅ ወይም ከ64 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ የሆነ የመኪና ግጭት፣ የደረት ሕመም፣ ስካር፣ የንቃት መዛባት፣ ትኩረት የሚወስድ ሌላ የሚያም ጉዳት፣ እና ደረቱ ሲነካ ማመሙ። አንዱም ከሌለ ከባድ የደረት ጉዳት የመኖሩ ዕድል እጅግ ትንሽ ነው፤ ራጅም አያስፈልግም። አንዱ መኖሩ ግን ሲቲ ይታዘዝ ማለት አይደለም።

በስለት የተወጋ ሰው ሲሆን ቅደም ተከተሉ ይለወጣል፤ አልትራሳውንዱ በልቡ ይጀምራል። ራጅ ከመነሳቱ በፊት በእያንዳንዱ ቁስል ላይ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ይለጠፋል፤ ቀዳዳው የት እንደነበር በምስሉ ላይ የሚታወቀው በዚያ ነው። የመጀመሪያው ራጅ ንጹሕ ሆኖ ሰውየው ደህና ከሆነ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደገማል። ትንሽ የድያፍራም ቀዳዳ ግን ከሲቲም ሊያመልጥ ይችላል፤ በግራ ደረት ታች ለተወጋ ሰው በካሜራ ገብቶ ማየት የሚታሰበው ለዚህ ነው።

ሕፃናት ጎድናቸው ስለሚተጣጠፍ ሳይሰበር ሳንባው ሊቀጠቀጥ ይችላል፤ «ስብራት የለም» ማለት እነሱ ላይ ብዙ አይነግርም። የልብ ጡንቻ መቀጥቀጥ ደግሞ ለሦስቱም መሣሪያዎች የመጀመሪያ ሥራ አይደለም፤ ኢሲጂና ትሮፖኒን የተባለው የደም ምርመራ ይቀድማሉ። ኤምአርአይ በዚህ ሰዓት ቦታ የለውም፤ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ብረት አያስገባም።

አንድ ምስል የሚናገረው ስለተነሳበት ሰዓት ነው። በሲቲ የታየች ትንሽ ኒሞቶራክስ ሰውየው በማሽን መተንፈስ ሲጀምር ማሽኑ አየር በግፊት ስለሚያስገባ ልታድግ ትችላለች፤ በአውሮፕላን ሲጓጓዝም ከፍታ ላይ አየር ስለሚሰፋ እንዲሁ። በማሽን ላይ ያለው ሰው ኦክስጅኑ ድንገት ከወረደና የደም ግፊቱ ከተከተለ መጀመሪያ ቱቦው አለመውለቁና አለመዘጋቱ ይታያል፣ ከዚያም ፕሮቡ ተመልሶ እዚያው 2ኛው ክፍተት ላይ ያርፋል።